ቆማ የማትጠብቅ መኪና

መኪና ነክታችሁ የማታውቁ አንባቢዎች፣ ሚኒሞ ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። የምታውቁት ደግሞ ይህን አንቀጽ እለፉት፤ አልቀየማችሁም። ሚኒሞ ማለት መኪና ማርሽ ሳይገባላት፣ ነዳጅ የሚረግጥላት ሰው ሳይኖር፣ በቆመችበት በራሷ የምትተነፍሰው ትንፋሽ ነው። ደኅነኛ መኪና በሚኒሞ ስትሆን እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን ናት፤ መኖሯን የምታውቁት ጠጋ ብላችሁ ካዳመጣችኋት ነው። የእኔዋ ግን... የእኔዋ አልኩ እንዴ? የወንድሜ ናት። የማርቆስ። እነዚህን ሁለት ቃላት ማቀያየር ገና አልለመድኩም፤ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ስል ብታገኙኝ ታገሡኝ።

ማርቆስ በሰባት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ሥራው አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ ሴቻ፣ ከሴቻ ሲቀላ ሰው ማመላለስ ነው። ሲቀላ ታች ሜዳው ላይ ናት፤ ገበያውም አውቶቡሱም እዚያ ነው። ሴቻ ዳገቱ ላይ ናት፤ መሥሪያ ቤቶቹ እዚያ ናቸው። ስለዚህ ጠዋት ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው ሁሉ ይወርዳል። ወንድሜ ሲወጡ ያጽናናቸዋል፣ ሲወርዱም ያጽናናቸዋል።

መኪናዋ ሰማያዊ፣ አሮጌ የጣሊያን ሥሪት ናት። ከውጭ የሚከፈተው በሯ አንዱ ብቻ ነው። ሞተሪኖዋ፣ ማለትም ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሣው ዕቃ፣ ከሞተ ዘመን ሆኖታል። ይህን ልብ በሉልኝ። ሞተሪኖ የሌላት መኪና አንዴ ከጠፋች ካልተገፋች አትነሣም። ሴቻ ላይ ብትጠፋ ቁልቁለቱ ይገፋታል። ሲቀላ ላይ ብትጠፋ ግን ሰው ያስፈልጋል።

ማርቆስን ሰው አስፈልጎት አያውቅም። ጠዋት አንዴ ያስነሣታል፣ እስከ ማታ አትጠፋም። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን ሌሎቹ ሾፌሮች ይህ ጥጋብ ነው ይሉት ነበር። እሱ ግን፣ «የኔዋ በሚኒሞ ስትሆን ቤንዚን አትጠጣም፤ ታሸታለች እንጂ» ይላቸዋል። ምሳ ሰዓት በራችን ላይ እንደተነሣች ያቆማታል፣ ይገባል፣ ይበላል፣ ይቀልዳል፣ ካሰኘው ጋደም ይላል፤ መኪናዋ ውጭ እንደ ታዘዘች ልጅ ትጠብቀዋለች። እናቴ በቤቱ ውስጥ ሆና ያንን ድምፅ ስትሰማ ሰሐን ታነሣ ነበር። ልጄ መጣ አትልም፤ ሰሐን ታነሣለች።

ያን ክረምት ወባ ያዘው። አርባ ምንጭ ላይ ወባ እንደ ጎረቤት ነው፤ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። ያኛው ግን በአራተኛው ቀን ወንድሜን ይዞት ሄደ። ስለዚህ ነገር ከዚህ የበለጠ መጻፍ አልችልም። ስለ መኪናዋ ልቀጥል።

በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ ሁሉም ተቀመጥ፣ ተቀመጥ ይለኛል። መቀመጥ አቃተኝ። እናቴ ያዘዘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የማርቆስን ዕቃ ማንም እንዳያጥብ። ሸሚዙ ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ጠረኑም አብሮት። እኔ ግን እጄ ሥራ ፈለገ። ባልዲ፣ ሳሙናና ብሩሽ ይዤ ከቤቱ ጀርባ ሄድኩና መኪናዋን አጠብኩ። ላይዋን ብቻ ባጥብ ደግ ነበር፤ ኮፈኗን ከፍቼ ሞተሯን ሳይቀር ፈተግኩት። ቆሻሻ የመሰለኝን ሁሉ አነሣሁ። ስጨርስ ለሠርግ የተዘጋጀች መሰለች። ያን ጊዜ የእናቴ ትእዛዝ ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ከመንገዱ አቧራ በእፍኜ እያፈስኩ በተንኩባት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ሐዘንተኛው ተበትኖ ቤቱ ጸጥ ሲል መኪናዋን እኔ እነዳለሁ አልኩ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ያስተማረኝ ራሱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልም ጨርሻለሁ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ ጥፋቴ ከየት እንደመነጨ እንድታውቁ ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ሰባት ጊዜ ጠፋችብኝ። ፍሪሲዮን ረግጬ ስቆም ሚኒሞዋ ዝሆን እንዳየ ሰው ይጮኻል፤ ወዲያው ምሥጢር እንደሚነግር ሰው ዝቅ ይላል፤ ደግሞ ይጮኻል፤ ሁለቴ ያስነጥስና ይጠፋል። ተሳፋሪ ይወርዳል፣ ይገፋል፣ ይሳፈራል። አንድ ከሰሜን የመጡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ሱፍ የለበሱ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከገፉ በኋላ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ወጣቱ፣ የተሳፈርኩት እንድትወስደኝ ነው ወይስ እንድወስዳት?» አሉኝ። በሳምንቱ ሰዉ ከመግባቱ በፊት የሚቀመጥ ነው የሚገፋ ብሎ መጠየቅ ጀመረ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር እንኳ ፋይላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ይገፉ ነበር። እሳቸው በገፉ ቀን መኪናዋ ከወትሮው የከበደች ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያቱን በኋላ ትሰሙታላችሁ።

የታመመ ነገር ሲያይ ሐኪም የማይሆን ሰው የለም። አንዱ ባትሪው ነው ይላል፤ ሌላው ከጫሞ ሐይቅ የሚመጣው እርጥበት ነው ይላል። አንዲት ሙዝ ነጋዴ፣ መኪናዋ ሐዘን ላይ ስለሆነች ዓመቱ ሳይሞላ ሥራ አትጠየቅም ብላ ፈረደች፤ ከሁሉም ትክክል የመሰለኝ የሷ ነው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሃለኮ አዘዙላት። ሃለኮ በእኛ አገር ከደጃፍ የማይጠፋ ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ተቀቅሎ ይበላል፤ ለደም ግፊትም ለሆድም ለእግርም መድኃኒት ነው ይባላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ ቅጠሉን ቀቅዬ፣ ውኃውን አጥልዬ፣ ራዲያተር ውስጥ ጨመርኩ። ሚኒሞዋ ንቅንቅ አላለም። ሞተሯ ሲሞቅ ግን ያለፈችበት መንገድ ሁሉ ምሳ ሰዓት የደረሰ ይመስል ነበር። ለአንድ ሳምንት ተሳፋሪዎቼ እየራባቸው ሴቻ ደረሱ።

ከዚያ ወደ ሳይንስ ተመለስኩ። የፊዚክስ ደብተሬን አወጣሁ። አራቱ የሞተር ምቶች በቀለም እርሳስ ተሥለው አሉ፦ መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት። ሥዕሉን ኮፈኗ ላይ ዘርግቼ ከሞተሯ ጋር ሳስተያይ ዋልኩ። ሥዕሉ ያምራል። ሞተሯ ግን ደብተሩን አላነበበችም።

በመጨረሻ ጋሽ ተካ ጋ ወሰድኳት። ጋሽ ተካ መካኒክ ነው። ሙያውን ሰሜን አገር በጣሊያኖች ጋራዥ ተምሮ፣ እኛ ዘንድ ከመጣ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖት፣ እስካሁን ሙቀቱን የዛሬ መጤ ይመስል ይራገመዋል። ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈታ፣ ጠረገ፣ ገጠመ። ፑንቲናውን፣ እሳት የሚቆርጥላትን ትንሽ ብረት፣ በአሸዋ ወረቀት አሸ። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ላይ ያለችውን የሚኒሞ ብሎን በካቻቢቴ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ አደረጋት። ለጊዜው ይበጃል፤ ስመለስ ያው ነው።

«አንተ ልጅ፣ ነክተሃታል?» አለኝ በሦስተኛው ቀን።

«አልነካሁም።»

«መኪና አይዋሽም። የሚዋሽ ባለቤቱ ነው።»

«አልነካኋትም፣ ጋሽ ተካ።»

ያችን «አልነካሁም» በልባችሁ ያዙልኝ። ማጠብ መንካት ነው ብዬ አላሰብኩም፤ ወይም አስቤ ተውኩት። የፈራሁት ጋሽ ተካን አይደለም። ከሱ አፍ ወጥቶ እናቴ ጆሮ እንዳይገባ ነው።

ወሬው ጨንቻ ድረስ ወጣ። ጨንቻ አጎቴ ቶራ ይኖራሉ፤ የአባቴ ታላቅ ናቸው፣ ሸማኔ ናቸው፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችንን ነገር የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ሐሙስ ቀን የደጋ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከአውቶቡስ ወረዱ። ሲቀላ ሙቀት ውስጥ ጋቢ ለብሶ የሚቀመጥ ሰው አጎቴ ብቻ ናቸው፤ ላባቸው በጢማቸው እየወረደ እንኳ ብርድ ነው ይላሉ። ሶዶ ውስጥ ገዢ ማግኘታቸውንና ቅዳሜ መጥቶ መኪናዋን እንደሚወስዳት ነገሩን። የሟች ልጅ መኪና በየመንገዱ እየተገፋች የሰው መሳቂያ አትሆንም አሉ።

 እንዳትሸጥ ለመንኳቸው። እኔ እንድነዳት ይፍቀዱልኝ አልኩ። ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? ያ ድምፅ ከበራችን ላይ እንዲጠፋ አልፈልግም ማለት ለሽማግሌ የሚነገር ምክንያት አይደለም።

አጎቴ ወደ ደጁ፣ ወደ መኪናዋ አመለከቱ።

«ወንድምህ እኔ ስመጣ ምሳ አብሮኝ ይበላል። መኪናው ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል። ነገ እኔ እበላለሁ። በልቼ እስክጨርስ ቆሞ ከጠበቀህ፣ ያንተ ነው። ካልጠበቀህ፣ ያንተ አይደለም።»

አጎቴ አማርኛ ሲናገሩ መኪናዋ ሁልጊዜ ወንድ ናት። ጥርሳቸው ደግሞ ከላይ ሁለት ከታች ሦስት ነው፤ አንድ ሰሐን ምግብ ለመጨረስ የሚፈጅባቸውን ጊዜ እናንተው ገምቱት።

ዓርብ እኩለ ቀን ሆነ። እናቴ ኩርኩፋ ሠርታለች፤ የበቆሎ ዱቄት እየተድቦለቦለ ከሃለኮ ቅጠል ጋር ተቀቅሎ የሚበላውን ማለቴ ነው። ጋሽ ተካ የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ መጣ። ባሳ መጣ፤ ባሳ የማርቆስ ጓደኛ፣ እንደሱ በዚያው መስመር የሚሠራ ሾፌር ነው። ሣራም ከጤና ጣቢያ ሥራዋ በምሳ ሰዓት መጣች፤ ሣራ የማርቆስ እጮኛ ነበረች። ነበረች ማለት ከባድ ነው፤ እሷም ገና አልለመደችውም።

ገፋናት፣ ተነሣች። ጋሽ ተካ ብሎኗን አስተካከለ። አጎቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አንዷን የኩርኩፋ ድቡልቡል አነሡ፣ አላመጡ፣ ዋጡ። ሁለተኛዋን አነሡ፣ አላመጡ። መኪናዋ ጮኸች። ዝቅ አለች። ሦስተኛዋ ድቡልቡል ከሰሐኑ ወደ አፋቸው መንገድ ላይ ሳለች መኪናዋ ሁለቴ አስነጠሰችና ጠፋች።

አጎቴ ድቡልቡሏን ወደ ሰሐኑ መለሷት። ተነሡ። ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጩ፤ በአገራችን ሽማግሌ ሣር ሲይዝ ነገር ሊያስታርቅ ነው። መኪናዋን አንዴ ዞሯት።

«ይሄ መኪና አልታመመም» አሉ፣ ጋሽ ተካ እንዲሰማ በአማርኛ። «ሰው የደበቀው ነገር አለ።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ደጋው ላይ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ሰው ማድረግ የሌለበትን አድርጎ ዝም ካለ፣ ዝምታው በሌላ በኩል ይወጣል፤ ልጅ ይታመማል፣ ላም ትነጥፋለች፣ ዝናብ ይቀራል። መድኃኒቱ ተሰብስቦ ተቀምጦ የሠሩትን መናገር ነው። የበሽታው ምክንያት ከአንዱ አፍ እስኪወጣ ሁሉም ይናገራል።

ጋሽ ተካ ሳቁን በመሐረቡ ያዘ። እናቴ ግን አልሳቀችም። እሷ የጸሎት ቤት ሰው ናት።

«እኛ አማኞች ነን፣ ይህን ነገር ለጨንቻ ይተዉት» አለቻቸው።

«የማርቆስ እናት፣ እናንተ ንስሐ አትሉም?»

«እንላለን።»

«አፍ ሳይከፈት ነው?»

እናቴ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቻችንም ተቀመጥን። በዚያ ዘመን ደግሞ አምስት ስድስት ሰው አንድ ቦታ ሲቀመጥ ስም ያስፈልገዋል፤ ወዲያው የቀበሌው ሊቀ መንበር በራፉ ላይ ቆሙና ምን ስብሰባ እንደሆነ ጠየቁ። ባሳ ሳያቅማማ፣ «ግለ ሂስ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አላቸው። ግለ ሂስን ማን ይከለክላል? ሰው ራሱን እንዲወቅስ በየሳምንቱ የሚሰበስቡን እሳቸው ናቸው። ፋይላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ቀጥሉ አሉ።

ባሳ ጀመረ። በየቀኑ ሲቀላ ላይ ስትጠፋብኝ እያየ ስላሳዘንኩት፣ እኔ ሻይ ልጠጣ ስገባ ጠብቆ ኮፈኗን እየከፈተ የሚኒሞዋን ብሎን ወደ ቀኝ ግማሽ ዙር ያጠብቃት ነበር። ለጓደኛው መኪና ብሎ። እንዳላፍርም ብሎ አልነገረኝም።

ጋሽ ተካ ሳቁን አቆመ።

ሣራ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ብሎኗ የትኛዋ እንደሆነች ማርቆስ አሳይቷት ያውቃል። በጤና ጣቢያው በር ላይ ስቆም፣ እኔ ከተሳፋሪ ጋር ስነጋገር፣ እሷ በፀጉር ማስያዣዋ ወደ ግራ ታላላት ነበር። እያዳመጠች። ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ። «ድምፁ እንዲመጣልኝ ነው» አለች።  እኛም ሌላ አልጠየቅናትም።

እኔም ራሴ ማታ ማታ መሐል ላይ ትሁን እያልኩ ብሎኗን አዞራት እንደነበር ተናገርኩ። ጋሽ ተካ በየጠዋቱ የሚያስተካክላት ብሎን ለካ የአራት ሰው መጫወቻ ሆናለች። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ መሐል፤ ሁላችንም በፍቅር። ሰው በፍቅር ሲያበላሽ መካኒክ ምን ያደርጋል?

ጋሽ ተካ በተራው ጉሮሮውን ጠረገ። ሦስተኛዋ ካንዴላ የመኪና እንዳልሆነች፣ ከውኃ መሳቢያ ሞተር ነቅሎ እንደገጠማት፣ ሌላ ስላጣ እንዳደረገውና ቢናገር እንደሚያፍር ነገረን። ካንዴላዋ ትሠራለች፣ ግን ይነገር አለ።

ሊቀ መንበሩ ፋይላቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። የመጣባቸውን ነገር ለመመለስ የሚታገሉ ይመስሉ ነበር።

«እኔም» አሉ በመጨረሻ፣ «ባለፈው ሐሙስ ሕዝቡ ሲገፋ፣ እኔ እጄን ብቻ ነው ያስደገፍኩት።»

ማንም አልሳቀም። አጎቴ በሣሩ ነቀነቁላቸው። ሊቀ መንበሩ እፎይ አሉ፤ ከስንት ስብሰባ በኋላ አንድ እውነተኛ ግለ ሂስ ወጣቸው።

ቀረች እናቴ። እንዲያው ተራው ስለደረሰ እንጂ እናትን ስለ ሞተር ማን ይጠይቃል? አጎቴም ሊያልፏት ነበር።

«እኔ አለኝ» አለች።

ሁላችንም ዞርን።

«ክር ከለከልኩት።»

ማርቆስ በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ከእንዝርቷ ላይ ፈትል ይጠይቃት ነበር። ለምንህ ነው ስትለው፣ የመኪናዋ መቀነት ላልቶባት ነው ይላታል። ሁልጊዜ ስለሚቀልድ ቀልድ መሰላት። ቆርጣ ትሰጠዋለች፤ ከሳሙናዋም ቁራሽ ይሰርቃታል። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ለአጎቴ ጋቢ የሚሆነውን ፈትል ለመጨረስ ስትጣደፍ ነው።

«ነገ አልኩት» አለች። «በነጋታው ትኩሳቱ ያዘው።»

አጎቴ የለበሱትን ጋቢ ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ፤ የተሸመነው በዚያ ፈትል ነው። 

እኔ ግን ሌላ ነገር እያየሁ ነበር። ባልዲውን። ብሩሹን። ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ሥሩ ላይ ተጠምጥሞ የነበረውን ጥቁር፣ የዘይትና የአቧራ ቅርፊት የሠራ፣ የአይጥ ጅራት የመሰለ ነገር። በካቻቢቴ ፍቄ፣ ቦጭቄ፣ ቦይ ውስጥ የጣልኩትን።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ሚኒሞ ሆነብኝ፤ ይጮኻል፣ ይጠፋል። «አጥቤያታለሁ። በሦስተኛው ቀን። ክሩን የጣልኩት እኔ ነኝ።»

እናቴን ማየት አልቻልኩም። አጎቴን አየሁ።

«ማጠብህ ጥፋት አይደለም» አሉ። «አልነካሁም ማለትህ ነው።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺም፣ ነገ ያላለች እናት የለችም።» ከያዙት ሣር ለሁለታችን ቆንጥረው ሰጡን።

እናቴ ሣሩን በእጇ እንደያዘች ጠየቀችኝ።

«ሸሚዙንስ?»

«ሸሚዙን አልነካሁም።»

«እውነት?»

«እውነት።»

«በል» አለችና ተነሣች።

ጋሽ ተካ ቀድሟት ኮፈኑ ሥር ገብቶ ነበር። መኪናዋን አስነሡልኝ አለ። ገፋናት፤ በዚህኛው ጊዜ ሊቀ መንበሩ ፋይላቸውን ለሣራ ሰጥተው በሁለት እጃቸው ገፉ፣ መኪናዋም ቀለለች። ጋሽ ተካ ሳሙና በውኃ በጠበጠና በካርቡራተሩ ሥር ዙሪያ ጠብ አደረገበት። በአንድ በኩል ያለው አረፋ ሽው ብሎ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ የሞተሩም ድምፅ ወዲያው ተለወጠ።

«አየር ትሰርቃለች» አለ። «የካርቡራተሩ እግር ጠምሟል። በዚህ ስንጥቅ ነፋስ ሲገባ ምን ሚኒሞ ይኖራታል! እኔ ብሎን ሳዞር...» ቀና ብሎ ግንባሩን በዘይታም እጁ መታ፤ ምልክቱ ቀኑን ሙሉ ዋለበት። «ማርቆስ ካርቡራተሩን አትንካብኝ ሲለኝ የኖረው ለዚህ ነው። ጉራውን ሁሉ በፈትል አስሮ!»

እውነቱን ነው። ያ ከተማው ያወራለት ሚኒሞ፣ ያ ታሸታለች እንጂ አትጠጣም የተባለለት፣ ሁሉ ነገር የእናቴ ፈትል ነበር። ለእናታችን እንኳ በቀልድ ካልሆነ አልነገራትም። ወንድሜ በሕይወቱ የደበቀን ነገር ይኸው አንዱ ብቻ ይመስለኛል፤ እሱም ሲገለጥ አሳቀን።

ሞተሩ ጠፍቶ እስኪበርድ ጠበቅን። ጋሽ ተካ የካርቡራተሩን ብሎኖች ላላ አደረጋቸው። ከእንዝርቷ አዲስ ቆርጣ ያመጣችውን ክር ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ እናቴ አልሰጠችውም። በሕይወቷ ኮፈን ሥር አይታ የማታውቅ ሴት ነጠላዋን አደግድጋ ጎንበስ አለችና፣ ፈትሉን በሳሙና እያሸች፣ በስንጥቁ ዙሪያ ጠመጠመች፣ አጠበቀች፣ ጠመጠመች። የእንዝርት እጅ ነው፤ አንድም ዙር በሌላው ላይ አልወጣም። ጋሽ ተካ ከአጠገቧ ቆሞ እንደ ተማሪ ይመለከታል። ጫፉን በጥርሷ በጠሰችው። እሱ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ የሚኒሞዋን ብሎን አስተካከለ፣ ከዚያም ሁላችሁም እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ ብሎ አዘዘን። ባሳም ሣራም እኔም እጃችንን ወደ ኋላ አደረግን።

ገፋናት። ተነሣች። መጀመሪያ ትንሽ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ረጋች።

ያ ድምፅ መጣ።

ሣራ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። እናቴ ጥቂት ቆማ ሰማች፤ ከዚያ ወደ ቤት ገባችና ሰሐን አነሣች።

አጎቴ ቦታቸው ተመለሱ። የቀዘቀዘውን ትተው ትኩሱን ተቀበሉ። አንዷን ድቡልቡል አነሡ፣ አላመጡ፣ ዋጡ። እኔ መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። አምስቱ ጥርሶቻቸው በዓለም ላይ ያለው ጊዜ ሁሉ የነሱ እንደሆነ ሠሩ። መኪናዋ ደጅ ላይ ትተነፍሳለች። ሊቀ መንበሩ ሥራ እንዳላቸው ረሱ። አጎቴ የመጨረሻዋን ቅጠል በጣታቸው ጠርገው በሉ። አለቀ። ሁላችንም ተነፈስን።

አጎቴ ሰሐኑን ለእናቴ ዘረጉላትና ጨምሪልኝ አሏት።

ሁለተኛውንም ሰሐን ጨረሱት። ጠግበው ነበር፤ አውቃለሁ። ሲያላምጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

በማግሥቱ ገዢው ከሶዶ መጣ። መኪናዋ በራፉ ላይ በሚኒሞ ቆማለች፣ አጎቴ በረንዳው ላይ በጋቢያቸው ተጠቅልለዋል። መኪናዋ የት ናት ብሎ ሁለቴ ጠየቀ፤ ከጎኑ ቆማ ድምፅዋን አልሰማውም። አጎቴ፣ «አይሸጥም፤ ሰው እየጠበቀ ነው» ብለው መለሱት።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን አጎቴ እንዳሉት፣ የተደበቀ ነገር በሌላ በኩል ይወጣል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሽ ተካ ከአዲስ አበባ ደኅነኛ ካርቡራተር አስመጣልኝ። እግሩ ቀጥ ያለ፣ ጉዋርኒሲዮኑ፣ የመሐል ማሸጊያው፣ ልክክ የሚል። እናቴ ገበያ በሄደችበት ቀን ገጠምነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ክር አያስፈልጋትም። ግን በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ምሳዬን በልቼ ስነሣ፣ «እማዬ፣ መቀነቷ ላልቷል መሰለኝ» እላታለሁ። እናቴ የያዘችውን ሁሉ ትጥላለች። ነገ ብላኝ አታውቅም። ነጠላዋን አደግድጋ ትወጣና በደኅነኛው ካርቡራተር ዙሪያ ፈትሏን ትጠመጥማለች፣ ጫፉን በጥርሷ ትበጥሳለች፣ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፣ «አሁን ረጋ» ትላለች።

ረጋ፣ እላታለሁ።

ይህም ጎሜ ከሆነ ይኸው ለእናንተ ተናግሬያለሁ። ለእሷ እንዳትነግሩብኝ።